የፒተርና የሜሪ ጄን ትዳር እንዲመለስ የቀረበ አቤቱታ

ለማርቭል ኮሚክስ የስፓይደርማን አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ያለ ሞትና ያለ ፍቺ ስለተሰረዘ ትዳር

ክቡራን አዘጋጆች፣

እኛ የስፓይደርማን የረጅም ጊዜ አንባቢዎች ይህን አቤቱታ ስናቀርብ ገጸ ባሕርዩ የእናንተ መሆኑን ሳንዘነጋ ነው። ምን እንደሚጻፍ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የእኛ ድርሻ ያነበብነው ሁሉ በእርግጥ ተፈጽሟል ብሎ ማመን ነው፤ አቤት የምንለውም ይኸው እምነት ስለተነካብን ነው።

ስፓይደርማን የሆነው ፒተር ፓርከርና ሜሪ ጄን ዋትሰን የተጋቡት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ሰርጉ በመጽሔት ገጽ ብቻ አልቀረም፤ በኒው ዮርኩ ሼይ ስታዲየም ሙሽሮቹን ሆነው የቀረቡትን ሰዎች ከስፓይደርማን ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ስታን ሊ ራሱ በሕዝብ ፊት አጋባቸው። ምስክር እንድንሆን የጠራችሁን እናንተ ነበራችሁ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል ሲጣሉና ሲታረቁ፣ ገንዘብ ሲያጥራቸው፣ በ1996 ሴት ልጃቸውን ሲያጡ አብረናቸው ነበርን።

በ2007 «ዋን ሞር ዴይ» የተባለው ታሪክ መጣ። ለፒተር የተተኮሰው ጥይት አክስቱን ሜይን መታ፤ ሐኪምም አስማተኛም ሊያድናት አልቻለም። ሜፊስቶ የተባለው ሰይጣን ነፍስ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ትዳራቸውን ነው። ባልና ሚስቱ ተስማሙ። ሲነጋ ፒተር በአክስቱ ቤት የሚኖር ወንደላጤ ሆኖ ነቃ፤ ሰርጉም እንዳልነበረ ሆነ።

ቅሬታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፒተር በ1962 ከተፈጠረ ጀምሮ የምናውቀው አጎቱ ቤን የሞተው እሱ ችላ ብሎ ባሳለፈው ሌባ እጅ መሆኑን አምኖ፣ ያንን ሸክም ለማንም ሳያስተላልፍ የሚኖር ሰው መሆኑን ነው። የጀግንነቱ ሥር ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥፋቱን ለማስተካከል ከሰይጣን ጋር ይዋዋላል ብለን እንድናምን ተጠየቅን። የአክስት ሜይም ክብር አብሮ ተነካ። በ1995 በወጣው 400ኛው ዕትም እንደ ልጇ የምታየውን ፒተርን በፍቅር ተሰናብታ በሰላም ስታርፍ አንብበን አልቅሰናል። በኋላ ግን የሞተችው እሷን መስላ የቀረበች ተዋናይት ነበረች ተባልን። መሞትን እንዲያ አድርጋ ያሳየችን አሮጊት ዕድሜዋ በልጇ ትዳር እንዲገዛላት ትፈቅድ ነበር? ማንም አልጠየቃትም።

የሰጣችሁትን ምክንያት ሰምተናል። የወቅቱ ዋና አዘጋጅ ጆ ኬሳዳ ትዳር ፒተርን ያስረጀዋል፣ ፍቺ ደግሞ ይብስበታል ብሎ በይፋ ተናግሯል። ስጋቱን አንንቅም። ነገር ግን ትዳር በሞት ወይም በፍቺ ቢፈርስ ራሱ ታሪክ ይሆናል፤ ሰዎቹ ያዝናሉ፣ ይለወጣሉ፣ እኛም አብረን እናዝናለን። በውል ሲሰረዝ ግን የሚያዝን ሰው እንኳ አይኖርም፤ ያጡትን አያውቁትምና። ደራሲው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ እንኳ ከታሪኩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዕትሞች ላይ ስሙ እንዲነሳለት ፈልጎ እንደነበር በአደባባይ ገልጿል። ስለዚህ የተከፋነው አንባቢዎች ብቻ አይደለንም። በ2010 ደግሞ ፒተር በሰርጉ ቀን ጉዳት ደርሶበት ሳይገኝ ቀረ የሚል ማብራሪያ ታከለበት። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው ተባለ፤ ሁለቱ አብረው ኖረዋል፣ ግን አልተጋቡም። ይህ ማብራሪያ ቁስላችንን አልሻረልንም።

ሊታረም አይችልም እንዳትሉን፣ አርማችሁ አሳይታችኋል። በ2004 የፒተር የቀድሞ ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከጠላቱ ከኖርማን ኦስቦርን መንታ እንደወለደች የጻፋችሁትን በ2021 ራሳችሁ ሽራችሁታል። ያገባ ስፓይደርማን አይነበብም እንዳትሉንም፣ በ2024 የጀመረው «አልቲሜት ስፓይደርማን» ፒተርን የሜሪ ጄን ባልና የሁለት ልጆች አባት አድርጎ አቅርቦ አንባቢ በጉጉት ተቀብሎታል። ያ ግን ሌላ ዓለም፣ ሌላ ፒተር ነው። እኛ ሰርጉ ላይ የታደምንለት ይኸኛው ነው።

ስለዚህ የሜፊስቶ ውል በዋናው መጽሔት እንዲፈርስ፣ የሚያፈርሱትም ፒተርና ሜሪ ጄን ራሳቸው እንዲሆኑ በትሕትና እንጠይቃለን። ትዳሩን ለመመለስ ፈጽሞ ፈቃዳችሁ ካልሆነ እንኳ፣ የተወሰደባቸው ትዝታ ተመልሶላቸው፣ ምን እንደነበራቸው አውቀው፣ መለያየትን በገዛ አንደበታቸው ይወስኑ። ያን ቀን የሚጻፈውን፣ ቢያሳዝነንም፣ እንቀበላለን። እስከዚያው ግን በሽፋን ሥዕል እያቀራረባችሁ በውስጥ ገጽ ማለያየታችሁ እንዲቆምልን አጥብቀን እናመለክታለን።

ከአክብሮት ጋር
አቤቱታ አቅራቢዎቹ አንባቢዎች