ትል ማርባት ያሳፍራል እንዴ?

እኛ ቤት 5 ቄቦች አሉ። መኖ ሲወደድ ጊዜ በባልዲ ትል ማርባት ጀመርኩ። ጓደኞቼ «ትላም!» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን አላፍርም። ዶሮ ስትለቀቅ መሬት እየጫረች የምትፈልገው ትል አይደል? በሳይንስ የተማርነው ገንቢ ምግብ ለሷ እሱ ነው።

የማረባው የጥቁር ወታደር ዝንብ ትል ነው። ዝንቡ ተርብ ይመስላል እንጂ አይናደፍም። ለትሎቹ የድንች ልጣጭና የጎመን ግንድ እሰጣቸዋለሁ። ሲያድጉ ይጠቁሩና ራሳቸው ወደ ደረቅ ቦታ ይወጣሉ፤ ያኔ መልቀም ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተረፈ ሽሮ ስገለብጥበት ግቢው በሙሉ ሸተተ። እማዬ ባልዲውን ከነትሉ ደፋችው። ልክ ነበረች። አሁን ርጥበቱ ሲበዛ ሰጋቱራ እጨምራለሁ፤ ከቤትም ራቅ አድርጌዋለሁ።

ታዲያ ከምገባ ክፍል የሚወጣው የአትክልት ልጣጭ ለምን በየቀኑ ይጣላል? መምህራን፣ እባካችሁ ጓሮ ውስጥ አንድ በርሜል ይፈቀድልን። እንዳይሸት የምንቆጣጠረው እኛው ነን። ትሉን ደግሞ ዶሮ ያለው ሁሉ ይውሰድ፤ «ትላም» ያለኝም ጭምር።