መንጠቆ ያው መንጠቆ ነው!

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ጋር ልከራከር ነው። አትሳቁ!

ነገሩ ፓተንት ነው። እዚያ አገር ፓተንት ያገኘ ሰው፣ ማመልከቻውን ካስገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሌላው ሰው ያንን ፈጠራ እንዳይሠራ መከልከል ይችላል። ስለዚህ ፈጠራው አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሙያው ሰው አይቶት «ይሄማ ግልጽ ነው» የሚለው መሆን የለበትም። ልክ ያው ዕቃ ቀድሞ ከነበረ፣ የየትም ሙያ ይሁን፣ ፓተንቱ ይወድቃል። ጭቅጭቁ የሚመጣው የቀድሞው ነገር ተመሳሳይ ብቻ ሲሆንና ከሌላ ሙያ ሲመጣ ነው። ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

በ1992 (በፈረንጆቹ) የተወሰነውን የኦቲከርን ጉዳይ ተመልከቱ። ሰውየው ቱቦ የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት ላይ፣ መካኒኮቻችን ፋሸታ የሚሉት ላይ፣ መንጠቆ ጨመረበት። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ «እንዲህ ያለ መንጠቆ ልብስ ላይ አለ» ብሎ ከለከለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን፣ ቱቦ የሚያስር ሰው መፍትሔ ፍለጋ ወደ ልብስ መንጠቆ ይሄዳል የሚያሰኝ ነገር አልቀረበም ብሎ ክልከላውን ሻረው።

እንዴ! መሐንዲስ ሱሪ አይለብስም?

ያው ፍርድ ቤት በ2004 ደግሞ የጥርስ ብሩሽ በፀጉር ብሩሽ ማመልከቻ ላይ ማስረጃ ይሆናል አለ። ብሩሽ ብሩሽ ከሆነ መንጠቆ ለምን መንጠቆ አይሆንም?

ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እኮ ነገሩን በ1966 ጨርሶት ነበር። የፀረ ተባይ መርጫ ጠርሙስ ክዳን ላይ ክርክር ተነሣ። ተከራካሪው «ያመጣችሁት ማስረጃ የሌላ ዕቃ መክደኛ ነው» ቢልም ዳኞቹ ችግሩ የክዳን እንጂ የፀረ ተባይ አይደለም ብለው ማስረጃውን ቆጠሩት። መለኪያው ይሄው ነው፦ የሙያውን ስም ሳይሆን ችግሩን እዩ!

«መልሱን ካዩ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እኔም ፈተና ሳርም አየዋለሁ። ግን መፍትሔው ማስረጃውን በር ላይ መመለስ አይደለም። ይግባና «አንድ የሙያው ሰው ሁለቱን ለማገናኘት ምን ምክንያት ነበረው?» ተብሎ ይጠየቅ። ምክንያት ከሌለ ፈጣሪው ፓተንቱን ይውሰድ፣ ይገባዋል።

በሩ ከተዘጋ የሚጎዳው ማነው? በትንሽ ወርክሾፕ የሚሠራው ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ያየውን መንጠቆ ብረት ላይ ስላደረገ ብቻ ይከሰሳል፤ ጠበቃ ለማቆም ደግሞ አቅም የለውም።

ስለ ሌቨር ስንማር መቀሱም፣ ጉጠቱም፣ የግንበኛው የእጅ ጋሪም አንድ ሕግ ነው የሚገዛቸው ብያችሁ ነበር። «ይሄ ከሌላ ምዕራፍ ነው» ላለኝ ተማሪ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ለዳኛም አልሰጥም!

ሕግ ያጠናችሁ ተማሪዎቼ፣ ኑ ተከራከሩኝ።