«አንተ መሪውን ብቻ ያዝ»

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ወር የአጎቴ ኮሮላ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቀጥ አለች። አዲስ አበባ ለዚህ ለዚህ ደግ ከተማ ናት፤ መኪና ሲቆምባችሁ ከየት እንደመጡ የማታውቋቸው አምስት ሰዎች ከኋላ ተደርድረው «ግፋ! ግፋ!» ይላሉ። ተገፋች፣ አልነሳ አለች። ትንሽ ቆይቶ የአጎቴ ጓደኛ በፒክአፑ ደረሰ። ከወንበር ሥር ገመድ ወጣና አንዱ ጫፍ ከፒክአፑ ኋላ፣ ሌላው ከኮሮላዋ ፊት ታሰረ። አጎቴ የጋራዡን መንገድ ለማሳየት ጋቢና ገብቶ ከጓደኛው ጎን ተቀመጠ። ኮሮላዋ ለእኔ ቀረች።

«አንተ መሪውን ብቻ ያዝ፤ ሌላ ሥራ የለህም» አለኝ።

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ያለኝ ጠብ ነው።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት መሆኑን ለአዲስ አበባ ልጅ አልነግረውም። መጀመሪያ ፍሬን ስረግጥ ያዘልኝ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እግሬ ሥር ያለው ነገር ድንጋይ ሆነ። መሪውም እንደዚያው፤ ጆንያ የማዞር ያህል ከበደኝ። ቴዎድሮስ አደባባይ ልንደርስ ስንል ፒክአፑ ፍሬን ያዘ። ገመዱ ረገበና አስፋልቱ ላይ ተኛ። በሁለት እግሬ ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ቢሆንም ሄጄ ገጨሁት። ፓራውልታችን ተሰነጠቀ፣ አንድ መብራት ረገፈ። ይህ ምንም አይደለም። አንድ ሶፍት የሚሸጥ ልጅ ግን በሁለታችን መሃል ገመዱን ተሻግሮ ካለፈ አንድ ሰከንድ እንኳን አልሞላውም ነበር። ሶፍቱን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

አጎቴ ወርዶ የተናገረው ይህንን ነው፦ «ፍሬን የት እንዳለ አታውቅም እንዴ?»

እኔም ለብዙ ዓመት ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንድ መካኒክ ሲያስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ፍሬናችን የሚለሰልሰው በእግራችን ጉልበት አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ አየር ይስባል፤ የፍሬኑ አጋዥ (ሰርቮ የምንለው) በዚያ ስበት ነው የሚያግዘን። ሞተሩ ከጠፋ የተጠራቀመው ስበት ለሁለት ለሦስት ርግጫ ይበቃና ያልቃል። ፍሬኑ አልተበላሸም፣ ግን ያለ አጋዥ ቀርቷል፤ ለማቆም የብዙ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። የመሪው አጋዥም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይተኛል። ቁልፉን የነቀለ ደግሞ የባሰ ነገር ይገጥመዋል፤ መሪው ይቆለፍበታል።

እስቲ አሁን ሂሳብ እንሥራ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። መጎተቻ ገመድ ብዙ ጊዜ 4 ሜትር ግድም ነው። ሰው የፊቱን መብራት አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ሲበራ ካየ በኋላ ፍሬን ልያዝ ካለ አልቆለታል። ወደ 20 ዝቅ ብትሉም በሰከንድ 5.5 ሜትር ነው፤ ገመዱ አሁንም ያጥራል።

ታዲያ ሁለቱን መኪኖች የሚያቆመው ማነው? የኋለኛው ነው! ከፊቱ ባለው መኪና መስታወት አሻግሮ መንገዱን እያየ፣ ፊተኛው ሳይቀንስ ቀድሞ እየቀነሰ፣ ገመዱ እንዳይረግብ ቁልቁለቱን ሁሉ ለስለስ ባለ ፍሬን እየያዘ የሚወርደው እሱ ነው። ይህንን የሚሠራው ደግሞ በድንጋይ ፍሬንና በጆንያ መሪ ነው። ከሁለቱ ወንበሮች ከባዱን ለማን ሰጠነው? መንጃ ፈቃዱ ገና ላልደረቀው ልጅ፣ ለጋራዡ ረዳት፣ «መሪ መያዝ አያቅታትም» ለተባለች እህታችን።

የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ጎበዙ ሹፌር መሆን አለበት። ጎበዙ የፊተኛው መኪና ባለቤት ሆኖ መኪናዬን ለሰው አልሰጥም ካለ (መብቱ ነው) ሌላ የበሰለ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። ሰው ካልተገኘ ክሬን ይጠራል። «ክሬን ውድ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ውድ ነው። ገመድ ይቅር እያልኩም አይደለም፤ ኪሳችንን አውቀዋለሁ። ግን በነጻ ጎትተን ሁለት መኪና ስናሠራ ያተረፍነውን እስካሁን አላየሁም። ቢያንስ ቁልቁለት የሌለበትን መንገድ፣ ቢረዝምም፣ እንምረጥ። ቸርችልን አትምረጡ።

ስለ ገመዱም ትንሽ ልበል። በእንግሊዝ አገር ሁለቱ መኪኖች መሃል ያለው ርቀት ከ4.5 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ደግሞ ገመዱ በግልጽ እንዲታይ የግድ ነው። እዚያ በዜብራ ለሚሻገር ሕዝብ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ የቆመ መኪና መሃል እየተሹለከለክን ለምንሻገረው ለእኛ ምን ሊባል ነው? አንድ ቀይ ጨርቅ መሃሉ ላይ ማሰር ስንት ብር ያስወጣል? ማሰሪያውም ፓራውልት አይደለም። ብዙ የቤት መኪና ፓራውልቱ ላይ ትንሽ ክዳን አለችው፤ ከሥሯ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ የሚጠመዘዘው ቀለበት ከክሪኩ ጋር ይቀመጣል። (የእናንተ እዚያ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። የእኔ አልነበረም።)

አውቶማቲክ የሚነዱ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ዘይት በደንብ ስለማይደርሰው ረጅም መንገድ ከተጎተተ ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ገመዱን ጨርሶ እርሱት። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ሰፈሩ በእነሱ ተሞልቷል፤ የመጎተት ልማዳችን ግን የኮሮላ ዘመን ነው። በእነዚህ መኪኖች ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ስለሚዞር ኃይል ያመነጫል፤ ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ተጭነው ነው መሄድ ያለባቸው።

ባለፈው ክረምት ኮሮላዋ (አዎ፣ አሁንም በሕይወት አለች) እንደገና ቆመች፣ አጎቴም ደወለልኝ። በመኪናዬ ስደርስ ገመዱ ተዘጋጅቷል፤ ከወር በፊት መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጁ መሪው ላይ ተሰይማለች። «እሷ መሪውን ብቻ ትያዝ» ሲል ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ከኋላ አንተ ግባ» አልኩት።

አጉረመረመ፣ ገባ። ልጁ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ወደ ኋላ እያየች ገመዱ ሲረግብ ትነግረኝ ነበር። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳንፈጥን ጋራዡ በር ደረስን። አጎቴ በላብ ተጠምቆ ወረደ።

«ይቺ መኪና ፍሬኗ ምን ሆኖ ነው? ድንጋይ ሆነብኝ እኮ!»