ጸልየን እንፈርማለን

ባለፈው የመስቀል ሰሞን፣ እምድብር ከአዲስ አበባ በመጡ ልጆቿ በደመቀችበት ሳምንት፣ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቆመን ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ ወንድም ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲሸከሙና ሲሚንቶ ሲያቦኩ የከረሙ የቀን ሠራተኞች ያልተከፈላቸውን የሦስት ወር ሒሳብ ለመጠየቅ የጻፉት አቤቱታ ነው። ከሥሩ ሃያ ያህል ፊርማና የጣት አሻራ አለ። «ስንሠራ አይታችሁናል። አይተናል ብላችሁ ብቻ ፈርሙልን» አለ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ አንብቦ መለሰው። አንዷ «ይሄ ፖለቲካ ነው» አለች። በመዝሙር የሚያገለግል አንድ ልጅ ደግሞ የወንድምን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «እኛ የምናመለክተው ወደ ላይ ነው፤ እንጸልይልሃለን» አለው።

መጨረሻ እኔ ጋ ደረሰ። እኔ መምህራቸው ነኝ። ያዕቆብ ምዕራፍ አምስትን ከዚያ በፊት በነበረው ወር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አየሁና «ላስብበት» አልኩ። ወንድም ፈገግ ብሎ አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ይህን ቃል ከብዙ ቢሮ ሰምቶት ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ አስቤበት ስለጨረስኩ ነው። ያኔ ግቢው ውስጥ የተናገርነው ሁሉ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ስሕተት ነበር።

ከመካከላችን አንድ ትምህርት ተተክሏል። ለሰው ማመልከት በእግዚአብሔር አለማመን ነው፤ መብቱን የሚጠይቅ ክርስቲያን ሥጋዊ ነው፤ መንፈሳዊ ሰው ዝም ይላል ይባላል። ይህ ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ ለሁሉም ነገር እኩል በሠራ ነበር። እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቦታ ስትፈልግ ምን ታደርጋለች? በራስጌ ወረቀት ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ማኅተም ታሳርፋለች፣ ሽማግሌዎች ትመርጣለች። ሽማግሌዎቹም አንድ ጊዜ ሄደው «ነገ ኑ» ቢባሉ ነገ ይሄዳሉ። እኛም ቤት ሆነን እንጾማለን። አንድም ሰው ተነሥቶ «ደብዳቤው ይቅር፣ ጸሎት ይበቃል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ጥያቄው የቦታ ሲሆን እምነት፣ የደመወዝ ሲሆን ፖለቲካ የሆነው በየትኛው ምዕራፍ ነው?

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና አብረን እንይ።

ዘኍልቍ 27። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች አባታቸው ሞቷል፤ ወንድም የላቸውም፤ በነበረው ሥርዓት ርስት አይደርሳቸውም። ድንኳናቸው ውስጥ ሆነው አላለቀሱም። በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ፣ በሙሴ፣ በካህኑ፣ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር ወሰደው። እግዚአብሔር «ለምን አጉረመረሙ?» አላለም፤ ልጆቹ የተናገሩት ትክክል እንደሆነ መሰከረ፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ የሚሆን ሕግም አወጣ። በአምስት ሴቶች አቤቱታ የእስራኤል የውርስ ሕግ ተሻሻለ።

የሐዋርያት ሥራ 6። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ እርዳታ እየተዘለሉ መሆኑን ተናገሩ። ይህ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ሐዋርያት «ትዕግሥት ተማሩ» ብለው አልመለሷቸውም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ አሠራሩን አስተካከሉ። የእስጢፋኖስን ስም የሰማነው በዚያ ቅሬታ ምክንያት ነው።

ነህምያ 5። ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ተበድሯል፤ ልጆቹን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሷል። ጮኸ። ነህምያ ሲሰማ ተቆጣ፣ አሰበ፣ ከዚያም ጉባኤ ጠርቶ ባለጠጎቹን ፊት ለፊት ወቀሰ። እርሻው፣ ወይኑ፣ ቤቱ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በየምዕራፉ የሚጸልይ ሰው ነው።

ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዛል። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ድሀ ነው፣ ተስፋው ያ ገንዘብ ነው፣ ካልተከፈለው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደደረሰ ይነግረናል። ገንዘቡ ከጮኸ፣ ጩኸቱ ከተሰማ፣ ዝም ያለው ማን ነው? በግቢያችን ሻይ ይዘን የቆምነው ነን።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፤ እኔም ስመልሰው ኖሬያለሁ።

«መጥምቁ ዮሐንስ ባላችሁ ደመወዝ ርኩ ብሎ የለም ወይ?» ብሏል፤ ሉቃስ 3 ላይ። ግን ለማን ነው ያለው? ለወታደሮች ነው። መሣሪያ ይዘው ሰውን እያስፈራሩ፣ በሐሰት እየከሰሱ ከደመወዛቸው በላይ ለሚነጥቁ ሰዎች ነው። ለቀማኛ የተሰጠን ምክር ለተቀማ ሰው ማንበብ ቃሉን መገልበጥ ነው።

«ጌታስ በፍርድ ፊት ዝም አላለም?» ስለ እኛ መሥዋዕት ሊሆን ወደ መስቀል ሲሄድ ዝም አለ። ነገር ግን በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ ካልሆነ ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18)። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ውጣ ሲባል እምቢ አለ፤ በኋላም ይግባኙን እስከ ቄሣር አደረሰ። የዜግነት መብቱን መጥራቱ ሐዋርያነቱን አልቀነሰበትም።

«ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣናት ተገዙ ይላል።» እሺ፣ እንገዛ። የአገራችን ሕግ ምን ይላል? የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች የሥራ ዕድል እየሰፋ እንዲሄድ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲከተል ያዛል። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ሕጉ በሰጠው በር ይገባል እንጂ ሕግ አይጥስም።

እንዲያውም ሕጉ ዝምታችንን ይቆጥርብናል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መሠረት ሠራተኛ ያልተከፈለውን ደመወዝ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊከፈለው ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። በጊዜው ለሚመለከተው አካል የቀረበ የጽሑፍ አቤቱታ ግን ቆጠራውን ያቋርጠዋል። ያ የታጠፈ ወረቀት በኪስ ሲቀር ምን እንደጠፋ አያችሁ? እኔ «ላስብበት» ስል ቀኑ እየሄደ ነበር።

ነገሩ ከእምድብርም ይሰፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ እንዲህ ያለ ወለል የለም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ እህቶቻችን መነሻ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣ የአንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ጥናት ልብስ አምርተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ይህ እንደሆነ አሳይቷል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ የደመወዝ ወለሉ እንዲወሰንና የደመወዝ ግብር እንዲቀንስ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። ወለሉ ገና ነው። ግብሩ ግን በሐምሌ 2017 ተነካ፤ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የተጠየቀው ሁሉ አልተሰጠም። ያልተጠየቀ ቢሆን ግን ያም ባልመጣ ነበር።

ዋጋ የለውም ብዬ አላታልላችሁም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን በዝርዝር አቀረቡ፤ ነገሩ ሥራ እስከ ማቆም ደረሰ፤ የታሰሩም ነበሩ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም ስለሚጎዳው ሕመምተኛ መከራከር ተገቢ ነው፤ እኔም እከራከራለሁ። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያዋልድ ሰው የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ዝም ማለቱን ጽድቅ ብሎ የሚጠራው አምላካችን አይደለም።

ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልጨምር፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በእንግሊዝ ቶልፑድል በምትባል መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ደመወዛቸው እየተቀነሰ ሲሄድ ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው ጆርጅ ላቭለስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። በምሥጢር መሐላ ሰበብ ተከሰው ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው እስከ አውስትራሊያ ተጋዙ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ምን አደረገ? ፈረመ። 800,000 ያህል ፊርማ ተሰብስቦ ቀረበ። በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ከፈረሙት መካከል ጣቱ ሲንቀጠቀጥ የፈረመ፣ «የእኔ አንድ ስም ምን ይለውጣል?» ያለ ሰው መኖሩን አትጠራጠሩ።

ጉራጌ ሆነን ደግሞ ይህ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። አባቶቻችን በደል ሲደርስባቸው በየጆካ ሸንጎ ቆመው ይናገሩ ነበር፤ ነገሩን ሽማግሌ ሰምቶ በቂጫ ይፈርዳል። በ1954 ዓ.ም. የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ያቋቋሙት ሰዎች አብዛኞቹ ነጋዴና ሠራተኛ ነበሩ። ሊስትሮ ሆኖ፣ ተሸክሞ፣ ሱቅ ጠብቆ ያገኘውን ሳንቲም ያዋጣ፣ ከመንግሥት ጋር ተነጋግሮ አገሩን ያገናኘ ትውልድ ነው። ለመስቀል ስንመጣ የምንነዳበትን መንገድ ዝም ባይ አልሠራውም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ ይህን ካልተናገርኩ ግብዝ እሆናለሁ። የቤት ሠራተኛ በ1156 አዋጅ አትሸፈንም፤ ሥራዋ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ተትቷል። የሃይማኖት ድርጅቶችም በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊደረጉ እንደሚችሉ ያው አዋጅ ይላል። ስለዚህ በእናቶቻችን ቤት እንሰት የምትፍቀው፣ ልጅ የምታዝለው እህት፣ ሌሊት የቤተ ክርስቲያናችንን በር የሚጠብቀው ወንድም፣ ከሕጉ ይልቅ በሕሊናችን ላይ ተደግፈው ይኖራሉ። ለጥበቃው «አገልግሎት ነው፣ ዋጋህን በሰማይ ታገኛለህ» እያልን ለድምፅ ማጉያው በጥሬ ገንዘብ የምንከፍል ከሆነ፣ አቤቱታው መጀመሪያ በእኛ ላይ ይጻፍ። ነህምያ መኳንንቱን የወቀሰው እርሱ ራሱ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ ትቶ ነው። አፉ የተከፈተው እጁ ንጹሕ ስለነበር ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አቤቱታ ሲመጣ አንብቡት። እውነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለት ወር ከሆነ ሦስት አታድርጉት፤ ያላያችሁትን አይተናል አትበሉ። ስድብና ድንጋይ ያለበት ከሆነ እጃችሁን አንሡ። እውነት ከሆነ ግን ጸልዩበት፣ ከዚያም ፈርሙ። በየኅብረታችሁ መጻፍ የሚችል አንድ ሰው መድቡ፤ መጻፍ ለማይችሉት ይጻፍላቸው፤ ግልባጩን ያስቀምጥ፤ የስድስት ወሩን ቀን ይቁጠር። ቢሮ ሲሄዱ ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ። ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው፤ ከመዝሙር አገልግሎት አያንስም።

ያን ወንድም በቅርቡ በስልክ አገኘሁት። መርካቶ ዕቃ እየተሸከመ ነው። ወረቀቱን ጠየቅኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እሱማ በዝናብ በስብሶ ጣልኩት» አለኝ። ስድስት ወሩ አልፏል። ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ፣ ምስኪን፣ «ምንም አይደል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አጽናናኝ።

አዎ፣ ያውቃል። ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳልከፈለ፣ ማን አይቶ «ላስብበት» እንዳለም ያውቃል።