የፋብሪካ ነርስ ሥራ፦ ማከም ወይስ መከላከል?

ምዕራብ ሸዋ የገበሬ አገር ብቻ አይደለም። የአምቦ ውሃ በሰንቀሌ ይታሸጋል፤ በአዳ በርጋ ወረዳም የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ዳንጎቴ ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ሲሚንቶ ያመርታሉ። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ነገ መሐንዲስ፣ ኬሚስት ወይም ነርስ ሆነው ወደ መሰል ፋብሪካዎች ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። በፋብሪካ የተመደበች ነርስ የታመመውን በእጇ ልታክም ይገባል ወይስ ሥራዋ አደጋንና በሽታን መከላከል ብቻ ነው?

«መከላከል ብቻ» የሚሉት ወገኖች መከራከሪያ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው 161ኛው ስምምነት የሥራ ቦታ ጤና አገልግሎትን በመሠረቱ የመከላከል ተግባር አድርጎ ይተረጉመዋል። ክኒን ማደል ከተለመደ አሠሪው «ነርስ ቀጥሬአለሁ» ብሎ አቧራውን ሊዘነጋው ይችላል። ፊዚክስም ለእነርሱ ይመሰክራል። ብናኝ በረጋ አየር ውስጥ ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። በመሆኑም 10 ማይክሮ ሜትር የሆነው ብናኝ 1 ማይክሮ ሜትር ከሆነው 100 እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። ትልቁ ወለል ላይ ሲያርፍ ትንሹ ለሰዓታት እየተንሳፈፈ ይቆያል፤ ሲተነፍሱትም እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል። ይህን የሳል ሽሮፕ አያወጣውም። መፍትሔው አቧራውን ከምንጩ ማፈንና መሳብ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላም እውነት አለ። ጠርሙስ በኮስቲክ ሶዳ በሚታጠብበት ፋብሪካ ፈሳሹ በአንድ ሠራተኛ ዓይን ላይ ቢረጭ ጉዳቱ የሚወሰነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አልካሊ ወደ ዓይን ውስጠኛ ክፍል ፈጥኖ ይሰርጋል። ዓይኑን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ሳያቋርጡ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሆስፒታል የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት «የእኔ ድርሻ ምክር ነው» የምትል ነርስ ለማን ትጠቅማለች? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው እንዲሰጥ ያስገድዳል።

በእኔ እምነት ማከምና መከላከል ተቃራኒዎች አይደሉም። ያልተለካ ነገር አይታረምም፤ የነርሷ ክፍልም የፋብሪካው መለኪያ መሣሪያ ነው። በአንድ ወር ከአንድ ማሽን ሦስት የተቆረጡ ጣቶች ከመጡ ችግሩ ከሠራተኞቹ ይልቅ ከማሽኑ እንደሆነ መዝገቡ ይጠቁማል። ቁስሉን በጥንቃቄ ያሰረችለት ነርስ ዘንድ የሄደ ሠራተኛም፣ ሌሊት ሌሊት ስለሚያስቸግረው ሳል ሳይፈራ ይናገራል። የማታክም ነርስ ይህን ሁሉ ከየት ታገኘዋለች? እ.ኤ.አ. በ1878 በእንግሊዝ አገር በኖሪች ከተማ የኮልማን ሰናፍጭ ፋብሪካ የቀጠራት ፊሊፓ ፍላወርዴይ፣ ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ነርሶች አንዷ፣ የታመሙ ሠራተኞችን በየቤታቸው እየሄደች ትጠይቅ ነበር። ሙያው ሲጀመርም ከሕመምተኛው አልራቀም።

ስለዚህ ነርሷ ታክም፤ ነገር ግን በሦስት ግዴታዎች። አንደኛ፣ ሕክምናዋ በሙያ ፈቃዷ ልክ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላክ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ጉዳት ቦታ፣ ሰዓትና ምክንያት ይመዝገብ፤ ድምሩም የግለሰብ ስም ሳይጠቀስ በየወሩ ለደኅንነት ኮሚቴው ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የሠራተኛው የሕመም ምስጢር ለአለቃው አይነገር፤ ምስጢሩ የማይጠበቅለት ሠራተኛ ሕመሙን ይደብቃልና።

መዝገቡ ከተዘጋጀ በኋላ ኃላፊነቱ የነርሷ ብቻ አይሆንም። ማሽኑን የሚከልለው፣ አቧራውን የሚስበው መሐንዲሱ ነው። በየወሩ ተመሳሳይ ቁስል የሚታሰርበት ፋብሪካ ጥሩ ነርስ ቢኖረውም ጥሩ መሐንዲስ ግን የለውም። ያ መሐንዲስ ነገ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።