ልብሱን የጠቀመ ይጠቀማል

የተማረ ሰው ልብሱ ሲቀደድ ይጥለዋል እንጂ አያስጥፈውም የሚል አስተሳሰብ በከተማ ወጣቶች ዘንድ እየሰፋ መሄዱን ከተመለከትን ቈይተናል። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ያስገደደን ግን በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ቆመን ያየነው ነገር ነው።

አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ኮት እንዲያጠቡለት ይዞ መጣ። ሽማግሌው ሰፊ ኮቱን ገልብጠው ገበሩን ከዳሰሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያ አምና የሰፋሁልህ ኮት የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ክርኑ ሳሳ፣ ጋሼ፤ ለልዋጭ ሰጠሁት» አላቸው።

«በምን ለወጥኸው?»

«በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያውስ በልክህ የተሰፋውንና ክርኑ የሳሳውን ሰጥተህ፣ በሰው ልክ የተሰፋውንና ክርኑ ሊሳሳ የደረሰውን ገዛህ» አሉት። ወጣቱ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኛም በበኩላችን አፈርን፤ ይህንኑ ስንት ጊዜ አድርገነዋልና።

ነገሩ ሲመረመር የሚያስገርም ነው። የራሳችንን ልብስ አስጠግነን መልበስ የድህነት ምልክት ይመስለናል። የማናውቀው ሰው ባሕር ማዶ ለብሶ የጣለውን፣ በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ በኮንትሮባንድ በቦንዳ ታስሮ የሚገባውን ሰልባጅ መልበስ ግን ሥልጣኔ ይመስለናል። ሁለቱም አሮጌ ናቸው። ልዩነታቸው የአንደኛውን እርጅና ጎረቤት ማወቁ፣ የሁለተኛውን አለማወቁ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው አይደለምን?

የዚህ ኀፍረት ሥር ከልብሱ ይልቅ በእጅ ሥራ ላይ ካለን የቆየ ንቀት ውስጥ የተተከለ ነው ብለን እናምናለን። አባቶቻችን ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ፣ ብረት ሠሪውን ቡዳ እያሉ ይሰድቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ሸማኔን በአደባባይ የሚሰድብ የተማረ ሰው ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን መርፌና ክር መያዝ የሚያሳፍረው፣ ቁልፍ ሲወድቅበት የሚተክልለት ሰው የሚፈልግ የተማረ ሰው ሞልቷል። ስድቡ ከአፍ ቢወጣም ከልብ ገና አልወጣም።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። የተቀደደውን በመርፌ መስፋት «መጥቀም» ይባላል። ለሰው ረብ መስጠትም «መጥቀም» ይባላል። ልብሱን የጠቀመ ሰው ይጠቀማል ብንል በቃላት መጫወታችን አይደለም።

ከአሮጌው አዲስ ነገር ማውጣትም ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ያረጀ ጋቢ ደህና ደህናው ተመርጦ ለሕፃን መታቀፊያ ሲሆን፣ የአባት ሱሪ ጠቦ ለልጅ ሲሰፋ ያላየ ማን ነው? መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ያረጀ በርሜል ምድጃ፣ ባዶ ጣሳ ኩራዝ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሲሆን ተመልክቷል። «ቆርቆሮ ያለው» እያለ ከሚጣራው ቆራሌው ከረጢት የሚጀምረው ጉዞ በባለ እጁ መዶሻና ወስፌ ይፈጸማል። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ያቋቋሙት ሶል ሬብልስ የተባለው ድርጅትም መነሻው ይኸው የበረባሶ ጥበብ ነው። ድርጅቱ ከአሮጌ ጎማ ሶል እየቆረጠ፣ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ ጋር እያገናኘ የሠራው ጫማ በውጭ አገር ገበያ ለመሸጥ በቅቷል። እኛ ያፈርንበትን በረባሶ ሌላው ዓለም በገንዘቡ ገዛው ማለት ነው።

ሀብታም የምንላቸው አገሮችም ቢሆኑ ይህን ትምህርት ያለፉበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ልብስ ከ1941 እስከ 1949 እ.ኤ.አ. በኩፖን ይታደል ስለ ነበር፣ መንግሥት በ1943 ካልሲ እንዴት እንደሚጠገን፣ የወንድ ሱሪ እንዴት ለሴት ቀሚስ እንደሚሆን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ አሠራጭቷል። በዚያ ዘመን የተጣፈ ልብስ መልበስ ለአገር ማሰብ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

እኛ ጦርነቱ ባይኖርብንም ምክንያት አላጣንም። አንድ የጥጥ ካናቴራ ከእርሻው ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። የምንጥለውም ነገር ከዐይናችን ይርቃል እንጂ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን እንደ ገደለ አንረሳም። ከሟቾቹ መካከል ሌላው የጣለውን እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩበት። ክምሩን ያቆመው አንድ ሰው አይደለም፤ የሁላችንም እጅ አለበት።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይጀመራል? ለሚሞክር ሰው ጥቂት ነገር እንጠቁም። አሮጌው ልብስ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ይታያል። ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ አልቋል። ብዙውን ጊዜ ከሱሪ የሚያልቀው ጉልበቱና መቀመጫው፣ ከሸሚዝ ኮሌታውና እጅጌው ጫፍ ነው። የሸሚዝ ጀርባ ግን ለትራስ ልብስ ወይም ለልጅ ሸሚዝ የሚበቃ ደህና ጨርቅ ሆኖ ይገኛል። ስፌቱን በመቀስ ከመቁረጥ በምላጭ ቀስ ብሎ መተርተር ይሻላል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ይተርፋልና። ሲቆረጥ የድሩን መሥመር መከተል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልብሱ ሲታጠብ ይጣመማል። ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ በሳሳ አሮጌ ላይ መጣፍ አይገባም፤ አዲሱ ሲሰበሰብ አሮጌውን ይቀደዋልና። የተበላ ኮሌታ ተተርትሮና ተገልብጦ ሲሰፋ ሸሚዙ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የነጠላ ጥበብ ሸማው ቢያልቅ እንኳ ተነሥቶ ለጠረጴዛ ልብስ ዳር ይሆናል። ቁልፍና ዚፕ ደግሞ ፈጽሞ አይጣልም።

የጂንስ ሱሪ እግርና ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ ገበር ከተደረገላቸው የአስቤዛ መያዣ ይሆናሉ። ፌስታልን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ቦርሳ ፈላጊው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ጆንያ ለምንም ዐይነት የቤት አገልግሎት መዋል የለበትም።

በዚህ ነገር የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ «ድህነትን ልታመሰግኑልን ነውን?» ይለናል። አይደለም። ወር ሙሉ ሠርቶ አንድ ሙሉ ልብስ መግዛት ያልቻለውን ሰው ጥፈህ ልበስ ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው። ነገራችን መግዛትም መጠገንም እየቻለ ስለ ኀፍረት ብቻ ለሚጥለው ነው። ሌላው ደግሞ «ሁሉ ቢጠግን ሸማኔውና ፋብሪካው ምን ይበላሉ?» ይላል። የእነርሱን ገበያ የሚሻማው በኮንትሮባንድ የገባው ቦንዳ ነው እንጂ መርፌ አይደለም። በዓመት ሦስት ደካማ ልብስ ከመግዛት የዳነ ሰው አንድ ጠንካራ ያገር ልብስ ለመግዛት ዐቅም ያገኛል። ሦስተኛው «ከአሮጌ የተሠራ ነገር አያምርም» ባይ ነው። በዚህስ ጥቂት እውነት አለው። ከአሮጌ ስለ ተሠራ ብቻ ይደነቅልኝ የሚል ሥራ አለ። ቦርሳው ካልያዘ፣ ልብሱ በልክ ካልሆነ ልፋት ብቻ ነው። ሥራው በሥራነቱ መመስገን አለበት።

ከሁሉ በላይ ለወጣት ሠራተኞች ልናሳስብ የምንወደው ስለ ዋጋው ነው። ለአዲስ ስፌት የተጠየቅነውን ሳንከራከር እንከፍላለን፤ አሮጌውን አድሶ ለሚሰጠን ግን «ጥገና እኮ ነው» እያልን ዋጋውን እንሰብራለን። ነገር ግን ማደስ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ስፌት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መተርተሩ አንድ ሥራ፣ ደህናውን ከሳሳው መለየቱ አንድ ሥራ፣ ባለው ጨርቅ ልክ ማሰቡ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ጨርቁ አሮጌ ነው እንጂ ድካሙ አሮጌ አይደለም። ሠሪውን አክብረን ካልከፈልን ያ ሽማግሌ ሙያውን የሚያወርሰው ልጅ አያገኝም። ሙያው ከጠፋ በኋላ ደግሞ ብንጸጸት የሚጠግን አይኖርም።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነውና፣ ዛሬ ዕረፍት በሆነው በዚህ ሰንበት እያንዳንዳችን ሣጥናችንን ከፍተን ልንጥለው ያሰብነውን አንድ ልብስ እናውጣ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እንየው። የሚጠቀም ከሆነ መርፌ እናንሣ፤ እጃችን ባይችል ወደሚችለው እጅ እንውሰደው፤ ዋጋውንም በሙሉ እንክፈል። ሰኞ ቢሮ ስንገባ የሥራ ጓደኛችን ክርናችን ላይ ያለውን ጥፍ አይቶ ቢጠይቀን፣ የሰፋልንን ሰው ስምና ቦታውን ጭምር እንንገረው።