ጅቡ ከጎረቤት ቤት ወጥቶ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ

በየዓመቱ ጥቅምት 21 ቀን ገደማ በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ደጃፍ የአጽምና የጠንቋይ ሥዕል ይሰቀላል። ፊቱን በቀለም ያጠቆረ ወጣት ሃሎዊንን አከብራለሁ እያለ ሲጨፍር ያድራል። ወዲያውም በመምህራንና በባህል ሠራተኞች መካከል ክርክር ይነሣል። በዚህ ክርክር የሚወቀሰው የባዕዱ ጭፈራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ዳሩ ግን ወጣቱ ልቡ እየመታ በደስታ የሚያነበው የመናፍስት፣ የጭራቅና የምትሃት ልብ ወለድም አብሮ ይወገዛል። «ከአጉል እምነት ጋር ስንታገል ኖረን፣ ዛሬ ለልጆቻችን ጭራቅ እናስነብባለን?» ይባላል። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ከእርሱ የሚደረስበት የእገዳ ውሳኔ ግን ስሕተት ነው።

ሃሎዊን ራሱ ከሥሩ ሲመረመር የገበሬና የእረኛ በዓል ሆኖ ይገኛል። የአየርላንድና የስኮትላንድ ጥንታውያን ነዋሪዎች መኸር ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ከብቱም ከበጋው ግጦሽ ወደ በረት ሲመለስ፣ የጨለማውን ወራት መግቢያ እሳት አንድደው፣ የሙታንን ታሪክ እያወጉ ይቀበሉት ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ ያስከተለው ረኃብ አየርላንዳውያንን ወደ አሜሪካ ሲያሰድድ በዓሉም አብሯቸው ተሻገረ። በዚያም ነጋዴው ተቀብሎ የጭንብልና የከረሜላ ገበያ አደረገው። እንግዲህ አዲስ አበባ የደረሰው ቅርፊቱ ነው፤ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ጅብ መሆኑ ነው። ፍሬው፣ ይኸውም በሌሊት ተሰብስቦ የሚያስፈራ ታሪክ ማዳመጥ፣ ለዋግ ሕዝብ ማንም ያስተማረው ነገር አይደለም።

በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ ሲመሽ፣ ከብቱም በረት ሲገባ፣ ሕፃናት በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው የአያ ጅቦን ተረት ይሰማሉ። ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ባለው፣ ከዐለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ደግሞ በእንጨት ሣጥን የተቀመጡ፣ የጥንት የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባልላቸው የደረቁ አስከሬኖች አሉ። ያንን ዋሻ አይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሌሊቱን የሚያስበው አያጣም። ለምናቡ ማቀጣጠያ የባዕድ አገር ዱባ መዋስም አያስፈልገውም።

ይሁንና ተቃዋሚዎች የያዙት አንድ እውነት አለ፤ እርሱም ሳይሸፋፈን መነገር ይገባዋል። የጅብ ተረት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ወሬ በሰሜን ኢትዮጵያ ለዘመናት የብዙ ሰው ኑሮ አበላሽቷል። ለገበሬው ማረሻ፣ ለእመቤቲቱ ምጣድ ያቀረበ እጅ ከማዕድና ከጋብቻ ተገልሎ ኖሯል። ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ተወንጅለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ አስነግረው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ወሬውን ከምድጃ ዳር ሊያስወጣው አልቻለም። በምድጃ ዳር የተነገረ ታሪክ የሚሸነፈው ከእርሱ በተሻለ ታሪክ ነውና።

በወሬና በልብ ወለድ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወሬ የጎረቤትን ስም ጠርቶ «እመኑኝ» ይላል። ልብ ወለድ ግን ፈጠራ መሆኑን ከሽፋኑ ጀምሮ ስለሚያውጅ አንባቢው እየፈራም ማሰቡን አያቆምም። ወሬ ሰሚውን ከከሳሾች ጎን ያሰልፈዋል፤ የታደለ ደራሲ ግን «የጅብ ልጅ» ተብላ ከጓደኞቿ በተለየች ልጃገረድ ዐይን መንደሩን እንዲያይ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያ አንባቢ በገበያ መካከል ሸክላ የምትሸጠዋን ሴት ሲያይ እንደ ቀድሞው አይሸሽም። ስለዚህ አስፈሪውን ተረት ከትምህርት ቤት ማገድ ጅቡን አይገድለውም፤ ወደ ጎረቤት ቤት መልሶ ይልከዋል እንጂ።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ በአፍሪካ አለ። ናይጄሪያዊው መምህር ፋጉንዋ በ1938 እ.ኤ.አ. በዮሩባ ቋንቋ ያሳተመው ልብ ወለድ አንድ አዳኝ አጋንንት በሞሉበት ጫካ የገጠመውን የሚተርክ ነው። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት አልተባረረም፤ ተማሪዎች በገዛ ቋንቋቸው የማንበብን ጣዕም ያወቁበት ሆነ። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ወሌ ሾይንካም በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደችው ነዲ ኦኮራፎር ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች ባሳተመችው «አካታ ዊች» በተሰኘ ልብ ወለድ አልቢኖ ሆና የተወለደችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ባለ ታሪክ አድርጋለች። በብዙ አገር ሰዎች የሚሸሿት ዓይነት ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢው የሚሳሳላት ጀግና ሆነች። ምትሃቱ ያገለገለው ለዚህ ዓላማ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህም ይከብዳል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነትም ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በሰቆጣ ዙሪያ ተጠልሏል። «እውነተኛውን ፍርሃት በዐይኑ ያየ ልጅ በፈጠራ ፍርሃት ለምን ይጨነቃል?» የሚል መምህር ቢኖር የሚናቅ ሰው አይደለም። ማንም ልጅ ሳይወድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጫንበት አይገባም፤ የልጁን ዕድሜና ያሳለፈውን መከራ ማመዛዘን የመምህሩ ኃላፊነት ነው። ነገር ግን በጦርነት የመጣ ፍርሃት መጨረሻው አይታወቅም፤ ልጁም ሊያቆመው አይችልም። የመጽሐፉን ፍርሃት ግን ሲሻ ገጹን አጥፎ ያቆመዋል፣ ሲበረታ ይመለስበታል፣ ጭራቁም ሲሸነፍ ያያል። ስለ ራሱ ሌሊት መናገር ያቃተው ልጅ ስለ ጭራቁ መናገር ሊቀለው ይችላል። ጆሮ ያለው መምህር ከዚያ በመነሣት ብዙ ነገር ይሰማል።

የአማርኛ ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በሮማ ከታተመበት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ይህም ያ የባለ እጆች አዋጅ የወጣበት ዓመት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በወጣቱ እጅ ከእጅ ሲዘዋወር፣ ምስጢርና ድንግዝግዝ ያለበት ታሪክ ምን ያህል አንባቢ እንደሚጠብቀው ታይቷል። ከዚህ በኋላ «ወጣቱ አያነብም» እያሉ ማማረር ሰበብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደነበረ ማስታወስም ይበጃል፤ ሰዉ ስሙን አውጥቶለት ሲያበቃ ገብቶ ተመልክቷል።

ስለዚህ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። የዋግ መምህራን የአረጋውያኑን የሌሊት ተረት በኽምጣናና በአማርኛ ይሰብስቡ። ደራሲያን ከእርሱ ለዐሥራ አራትና ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚመጥን ረጅም ልብ ወለድ ያውጡ፤ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የሚወነጅለውን መርዝ ግን አይድገሙ፤ በታሪኩ መካከል አጋልጠው ያሳዩት። ሠዓሊው ሥዕሉን ይሥራለት፤ የባህል ተቋማትም የኅትመቱን ወጪ ይሸፍኑ። ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የልጃገረዶች የብርሃንና የዘፈን ሰሞን እንደሆነ ሁሉ፣ ጥቅምትም በየትምህርት ቤቱ የአስፈሪ ታሪክ ንባብ ሰሞን ቢሆን የሚጎዳው የለም። የፃግብጂ ልጅ ያን መጽሐፍ በኩራዝ ብርሃን አንብቦ ሲጨርስ ውጭ ጅብ ይጮኽ ይሆናል። ጅብ መሆኑን ያውቃል፤ የማንንም ሰው ስም አይጠራም።